የአደይ አበባ ልደት በቤታችሁ፦ ከግብዣ ካርዱ እስከ ኬኩ፣ ደረጃ በደረጃ

የቤት ልደት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ማነስ አይደለም። ሥራው ሁሉ ለዋዜማው ማታ ስለሚቀር ነው። ሌላው ምክንያት «ቲም» የሚሉት ነገር፣ ልደቱ በሙሉ የሚከተለው አንድ መልክ፣ መረን መልቀቁ ነው፤ ግድግዳው ላይ ልዕልት፣ ኬኩ ላይ መኪና፣ ሳህኑ ላይ ኳስ። ሦስተኛው ኬኩ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ አሠራር እንዳለ ይሠራና መሐሉ ጎድጉዶ ይወጣል፤ ከዚያ እናት ወጥ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። እኔም አልቅሻለሁ።

እዚህ አንድ ልደት ይዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን። በኮንዶሚኒየም ሳሎን የሚደረግ ነው፣ 12 ልጆች ይጠሩበታል፣ ቲሙ አደይ አበባ ነው። አደይን የመረጥኩት በወረቀት ስለሚሠራና ልጅ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ልጃችሁ የተወለደው በሌላ ወር ከሆነ ቅደም ተከተሉን ሳትነኩ አበባውን በዓሣ፣ በቢራቢሮ ወይም በፀሐይ ተኩት።

አሥር ቀን ያስፈልጋችኋል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ቲሙን ወስኑ (10 ቀን ሲቀረው)

1. ለልጁ ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ ስጡት። «ምን ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ክፍት አትተዉት። መልሱ በቴሌቪዥን ያየው ገጸ ባሕርይ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ታትሞ ካልተገዛ በቤት አይሠራም።

2. የመረጠውን በእርሳስ እንዲሥለው አድርጉ። ሥዕሉን ያየ ሰው ምን እንደሆነ ካወቀው እናንተም በመቀስ ትቆርጡታላችሁ። ካላወቀው ሌላ ምረጡ።

3. ሦስት ቀለም ብቻ ያዙ፦ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። ቡኒ የምትገባው ለአበባው መሐል ነው። «ሮዝ ሪባን ቤት ውስጥ አለ» ብላችሁ እንዳትጨምሩ።

4. ቲሙ የሚታይበትን አምስት ቦታ ጻፉ፦ ካርዱ፣ አንድ ግድግዳ፣ ኬኩ፣ አንድ ጨዋታ፣ ልጆቹ ሲሄዱ የሚይዙት። ሌላው ሁሉ እንደወትሮው ይሁን። አራቱንም ግድግዳ ለመሸፈን የተነሳ ሰው ሁለተኛው ላይ ይደክመዋል፤ ፎቶ የሚነሳው ደግሞ አንዱ ጋ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት

1. ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አድርጉት። ምሳ በልተው ይመጣሉ፣ ሳይመሽ ይሄዳሉ። የመዝጊያ ሰዓቱን ካልጻፋችሁ አንዳንዱ ልጅ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከእናንተው ጋር ነው።

2. ጾም መሆን አለመሆኑን እዩ። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ይፈጃል። ከዚህ በታች ያለው ኬክ እንቁላልም ወተትም ስለሌለበት በጾምም በፍስክም ያገለግላል።

3. ሥጋ አታዘጋጁ። ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አብረው ሲጠሩ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። ልጅ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ እናቱ ስትሰማ ግን ትቀየማለች። የሚለመጠጠውን ጄሊ ከረሜላም ተዉት፤ ጄላቲኑ ከአሳማ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

4. 12 ልጅ ከጠራችሁ ለ16 አዘጋጁ። ታናሽ እህት ትከተላለች። የጎረቤት ልጅ ሙዚቃ ሰምቶ ይመጣል። እሱን ከበር መመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ነውርነቱም ይቀጥል እላለሁ።

5. የኦቾሎኒ ወይም ሌላ የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ወላጆቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የግብዣ ካርድ (8 ቀን ሲቀረው)

እዚህ ላይ ፈጠራ አያስፈልግም። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ይሰጡ የለ? ካርዱ ያው ነው።

1. ጠንከር ያለ ነጭ ኤ4 ወረቀት ሁለት ላይ ቁረጡ። እያንዳንዱን ግማሽ አንዴ እጠፉት። ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ይወጣል።

2. ፊቱን ልጁ ይሣል። በቀን ከአራት ካርድ በላይ አታስሠሩት፤ አምስተኛው ላይ አበባው ጭረት ይሆናል።

3. ውስጡን እናንተ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ውድ ጓደኛዬ፣ መስከረም 18 ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እቤታችን ልደቴን ስለማከብር እንድትመጪ ጋብዤሻለሁ። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለሽ ልበሺ፣ ከሌለሽም ነይ።» የመጨረሻዋን ሐረግ አትርሱ። ለልደት ብሎ ቢጫ ልብስ ሊገዛ የሚወጣ ወላጅ አለ።

4. ያልተጠራ ልጅ ፊት ካርድ አይሰጥም። ትምህርት ቤት ወስዶ ከማደል ወላጆቹ እጅ ማድረስ ይሻላል።

ውጭ አገር ያላችሁ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «8 ሰዓት» ብቻ ከተባለ አንዱ ቤተሰብ ማታ መጥቶ በራችሁን ያንኳኳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካርዱን ያየ ጎረቤት የእንቁጣጣሽ መስሎት ብር ሊያወጣ ኪሱን ይዳብስ ይሆናል። ልጁ «የልደት ጥሪ ነው» ብሎ እንዲሰጥ አስለምዱት።

ደረጃ 4፦ አበባዎቹ (ከ7 እስከ 3 ቀን ሲቀረው)

*የሚያስፈልገው*

ስምንት ቢጫ ኤ4 ወረቀት (ስስ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሁን፣ ካርቶን አይሆንም)፣ አንድ ቡኒ ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ክር፣ ሙጫ።

*ሙጫውን በቤት አብስሉ*

1. አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። ጓል እንዳይኖረው።

2. ሦስት ሲኒ ውኃ አፍሉ። ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩበት።

3. እሳቱን ቀንሱና ገንፎ ሊሆን ሲቃረብ አውጡት። ሲቀዘቅዝ ገና ይጠጥራልና ቀጠን እንዳለ ይሁን።

ፍሪጅ ውስጥ ለሁለት ቀን ይቆያል። ከኮመጠጠ ድፉትና አዲስ ሥሩ። ሽሮ መስሎት የሚቀምስ ሰው አይጠፋምና ዕቃው ላይ ምልክት አድርጉ።

*አበባውን ቁረጡ*

1. ከአንዱ ኤ4 ላይ ጎናቸው 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆኑ ስድስት እኩል አራት ማዕዘኖች ቁረጡ። ከስምንቱ ወረቀት 48 ይወጣል።

2. አንዱን አራት ማዕዘን ሁለት እጠፉት። እንደገና ሁለት እጠፉት። ትንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል።

3. አሁን ቁሙ። እጥፋቶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን አንድ ማዕዘን ፈልጉ። ስትጫኑት የማይከፈተው እሱ ነው፤ የአበባው እምብርት ነው። በእርሳስ ነጥብ አድርጉበት።

4. ነጥቡ ጫፍ ላይ እንዲቀር አድርጋችሁ በሰያፍ እጠፉት። ሦስት ማዕዘን ይሆናል።

5. ከነጥቡ ተቃራኒ ባለው ወገን ቅስት አድርጋችሁ ቁረጡ። ቅስቱ መሐል ላይ ከፍ ይበል፣ ሁለቱ ጠርዞች ጋ ዝቅ ይበል። ጠርዙ ጋ ከሦስት ማዕዘኑ ቁመት ከግማሽ በታች አትውረዱ።

6. ፍቱት። ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ነው። ቅጠሎቹን እርሳስ ላይ ጠቅለል አድርጋችሁ ወደ ላይ ቀና አድርጓቸው።

7. በቡኒ ወረቀት የ2 ሳንቲ ሜትር ክብ ቆርጣችሁ መሐሉ ላይ ለጥፉ።

*ካልተሳካ*

አበባው ሲፈታ ብትንትን ካለ በነጥቡ በኩል ቆርጣችኋል። በጣም የተለመደው ስሕተት ይሄ ነው፤ ነጥቡን አስምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። አራት ቅጠል ብቻ ከወጣ በሰያፍ ማጠፉን ዘላችኋል። ፈትታችሁት ጥርስ የሌለው ክብ ከሆነ ደግሞ ቅስቱ ጠርዞቹ ጋ አልወረደም፤ መልሳችሁ አጥፉና ጠርዝ ጠርዙን ቀንሱ። መቀሱ ስምንቱን ድርብ ካልቆረጠ ወረቀቱ ወፍሯል ወይም መቀሱ ዶልዱሟል።

*በክር ስቀሉት*

1. እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከ20 የሆኑ ስድስት ክሮች ቁረጡ።

2. ስምንት ስምንት አበባ ፊታቸውን ወደ ወለሉ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ከአንዱ እምብርት እስከ ሌላው እምብርት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር።

3. ክሩን በአበቦቹ ጀርባ ላይ አሳልፉ። ክሩ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ። ያለ ቁራጩ ከለጠፋችሁት ሲሰቀል ይንሸራተታል።

4. ሌሊቱን ሳይነካ ይደር። በማግስቱ በየካርቶኑ ላይ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ስድስቱን ባንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ክር ሲፈታ ያመሻል።

ለመስቀል የመጋረጃውን ዘንግ ተጠቀሙ። በፕላስተር ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ከሆነ አስቀድማችሁ ከበር ጀርባ ትንሽ ለጥፉና በማግስቱ አንሱት። ቀለሙን ይዞ ከመጣ ተዉት። በተለይ ተከራይ ከሆናችሁ፤ አከራይ ልደት ረሳሁ ይላል፣ የተላጠ ግድግዳ ግን አይረሳም።

*እውነተኛው አደይ፣ ቄጤማና ፊኛ*

አደዩን በዕለቱ ጠዋት ግዙ። እቤት እንደገባችሁ የግንዱን ጫፍ በሰያፍ ቁረጡና ውኃ ውስጥ ክተቱ። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የቆየ አደይ እንግዳ ሳይመጣ ይጠወልጋል። የሚያስነጥሰው ልጅ ካለ አበባውን ደጅ አድርጉት።

ቄጤማ ደስ ይላል፣ ግን ሴራሚክ ወለል ላይ እርጥብ ቄጤማና የሚሮጥ ልጅ አይስማሙም። በጠረጴዛው ሥርና በማዕዘን ብቻ ጎዝጉዙት።

ፊኛ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ብቻ ንፉ፣ ጥርቅም ብሎ የተነፋ ቶሎ ይፈነዳል። የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው ልቀሙ። ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ ከትተው ጉሮሯቸው ሊዘጋ ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከመጣ ፊኛውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ደረጃ 5፦ ኬኩ (ዋዜማው ጠዋት)

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፣ ውኃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የኬኩ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ሊጡ በስሎ ራሱን ሳይችል አረፋው ይፈነዳና መሐሉ ይወድቃል። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፤ አሠራሩ የተጻፈው ለቆላ አገር ስለሆነ ነው።

ሌላ አሠራር የምትከተሉ ከሆነ ለአዲስ አበባ፣ ለደሴ ወይም ለደብረ ብርሃን እንዲህ አስተካክሉት፦ በአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ማንኪያ ቀንሱ። ለአንድ ኩባያ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። እሳቱን 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም፣ የተጻፈውን እንዳለ ሥሩ። ዴንቨር ያላችሁ ግን 1,600 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ከዚህ ግማሽ ያህሉን አድርጉ።

*ለ24 ቁራጭ የሚበቃ የብርቱካን ኬክ*

ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

- 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት
- 1 ኩባያ ተኩል ስኳር
- 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ቤኪንግ ሶዳ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው
- 2 ኩባያ የተጠለለ የብርቱካን ጭማቂ (ከ7 እስከ 9 ብርቱካን)
- ሩብ ኩባያ ውኃ
- ከአንድ ኩባያ ሁለት ሦስተኛ ዘይት
- 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ

ቆላ ላላችሁ፦ ሶዳውን 2 የሻይ ማንኪያ አድርጉ፣ ሩብ ኩባያ ውኃውን ተዉት፣ እሳቱ 175 ይሁን።

1. ሶዳውን ፈትኑ። ቁንጥር ሶዳ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ካልተንጨረጨረ አርጅቷልና ሌላ ግዙ። ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ፤ ይሄ ኬክ የሚፈልገው ሶዳውን ነው።

2. ኦቨኑን 185 ዲግሪ ላይ አብሩ። እስኪግል 15 ደቂቃ ጠብቁ። 23 በ33 ሳንቲ ሜትር የሆነ መጋገሪያ ዘይት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱበት።

3. ዱቄት፣ ስኳር፣ ሶዳና ጨው አንድ ላይ ንፉ። ሶዳው ካልተዳረሰ ኬኩ ውስጥ መራራ ቦታ ይኖራል።

4. ጭማቂ፣ ውኃና ዘይት በሌላ ዕቃ ቀላቅሉ። ኦቨኑ ከጋለ በኋላ ብቻ አቼቶውን ጨምሩና በዱቄቱ ላይ ገልብጡት።

5. ዱቄቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አማስሉ። ትንንሽ ጓል ቢኖር ችግር የለም። ብዙ የተመታ ሊጥ ዳቦ ይሆናል።

6. ወዲያው ኦቨን ውስጥ ክተቱ። ሶዳና አቼቶ ከተገናኙ በኋላ ሊጡ ስልክ እስክታነሡ እንኳ አይጠብቅም።

7. 30 ደቂቃ እስኪሞላ በሩን አትክፈቱ። ከዚያ መሐሉን በስንጥር ውጉት። ንጹሕ ከወጣ በስሏል። ሊጥ ከያዘ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ።

8. በመጋገሪያው እንዳለ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ገልብጡት። ጨርሶ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት።

ሊጡ እንዲደምቅ ብላችሁ እርድ እንዳትጨምሩ። እርድ ከሶዳ ጋር ሲገናኝ ይቀላል። እኔ ለቢጫ ብዬ ጨምሬ ጡብ የመሰለ ኬክ አውጥቻለሁ። ቢጫው የሚገባው ላዩ ላይ ነው።

*የላዩ ቅብ (በዕለቱ ጠዋት)*

1. ስኳር በቡና መፍጫ ወይም በብሌንደር አልሙት። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ብናኙ ይረፍ። ንፉትና 2 ኩባያ ለኩ።

2. 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ላይ በማንኪያ ጫፍ እርድ በጥብጡ። ሎሚ ጎምዛዛ ስለሆነ እርዱ ቢጫነቱን አይለቅም። ከጫፍ በላይ ከሆነ ግን ኬኩ ወጥ ወጥ ይላል።

3. ስኳሩን ጨምራችሁ አማስሉ። ከቀጠነ ስኳር፣ ከወፈረ ሎሚ በጠብታ።

4. በቀዘቀዘ ኬክ ላይ አፍስሱት። ትኩስ ላይ ካፈሰሳችሁት ሰምጦ ይጠፋል።

5. ሊቀርብ ሲል የብርቱካን ፍሬ ዘርዝራችሁ በስምንት ስምንት ደርድሩ፣ መሐላቸው ዘቢብ አድርጉ። አስቀድሞ የተደረደረ ብርቱካን ውኃ ይለቅቃል። እውነተኛ አደይ ኬክ ላይ አታድርጉ፤ የመንገድ ዳር አበባ ነው፣ ምን እንደተረጨበት አይታወቅም።

*መብራት ሲጠፋ*

ሊጡ ገና ካልተቀላቀለ ደረቁን ለብቻ፣ ፈሳሹን ለብቻ ሸፍናችሁ ጠብቁ። ችግር የለም።

ኦቨን ከገባ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከጠፋ በሩን አትንኩ። በውስጡ ያለው ሙቀት ሥራውን ይቀጥላል። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ካልመጣ ኬኩን ከነመጋገሪያው ትልቅ ድስት ውስጥ፣ ከታች ሦስት ጠጠር ወይም የብረት ማስቀመጫ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ በጋዝ ወይም በከሰል ለስለስ ባለ እሳት ጨርሱት። ክዳኑ ላይ ፍም ብታደርጉ የድፎ ዳቦ አጋገር ይሆናል፣ ላዩም ይበስላል። ከሰል ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል።

እንደገባ ከጠፋስ? ያንን ሊጥ ለኬክ አትጠብቁት። በመጥበሻ ላይ እንደ ፓንኬክ አውጡትና እየቀባችሁ ደርድሩት። ሻማ ሲሰካበት ልጆቹ ልዩነቱን አያውቁም።

*መሐሉ ከወደቀ*

የወደቀውን በብርጭቆ አፍ ክብ አድርጋችሁ አውጡ። ክፍተቱን በብርቱካን ሙሉት፣ ቅቡን ዙሪያውን ብቻ አፍስሱ። አበባው ከነእምብርቱ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ከሆነ በአራት ማዕዘን ቆራርጣችሁ ሰሐን ላይ ከምሩት።

ደረጃ 6፦ ሌላው ምግብ

አጭር ይሁን። የምስር ሳምቡሳ፣ ፈንዲሻ፣ የተቆራረጠ ብርቱካን፣ ውኃና ጭማቂ። ለወላጆች ድፎ ዳቦና ቡና። ለአንድ ልጅ ሁለት ሳምቡሳ ቁጠሩ። ሳምቡሳውን በዋዜማው ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፣ የምትጠብሱት በዕለቱ ጠዋት ነው። እንግዳ ከመጣ በኋላ የፈላ ዘይት ወጥ ቤት ውስጥ አይኑር።

ፈንዲሻ ከሁሉ በኋላ ይፈንዳ። ከለሰለሰ በደረቅ ብረት ድስት ለሁለት ደቂቃ አሙቁት፣ ይመለሳል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻም ቆሎም አትስጡ፣ ያንቀዋል።

ደረጃ 7፦ ጨዋታና የሚይዙት

ሦስት ጨዋታ ይበቃል። አንዱ ካልሠራ ሳትከራከሩ ወደሚቀጥለው እለፉ።

1. *የሥዕል ጠረጴዛ።* እንግዳ ባንድ ሰዓት አይመጣም፤ 8 ሰዓት የተባለው 9 ሰዓት ይመጣል። ቀድሞ የመጣው አበባ እየሣለ ይቆይ። ጠረጴዛውን በጋዜጣ ሸፍኑት።

2. *ቅጠሏን መልሱ።* ትልቅ ወረቀት ላይ ግንድና ቡኒ እምብርት ሣሉ። ልጁ ዓይኑ በነጠላ ይታሰራል፣ ጀርባው ፕላስተር ያለው የወረቀት ቅጠል ይሰጠዋል፣ እሱም ይለጥፋል። መርፌ ወይም ስፒል አትጠቀሙ። ዓይኑን መታሰር የሚፈራ ልጅ ጨፍኖ ይጫወት። አሸናፊ አይመረጥ፤ ቅጠሉ በር ላይ ሲለጠፍ ሳቁ ይበቃል።

3. *የጠመኔ ክብ።* ወለል ላይ ከልጆቹ ቁጥር አንድ የሚያንስ ክብ ሣሉ። ሙዚቃው ሲቆም ክብ ውስጥ ይገባሉ። በወንበር ከሆነ ይጋጫሉ፣ በጋዜጣ ከሆነ ይንሸራተታሉ። መብራት ከጠፋ ከበሮ ምቱ፤ ከበሮ ከሌለ ጀሪካን አለ።

ሴቶቹ አበባየሆሽ የሚጨፍሩ ከሆነ ዕቅዳችሁን ተዉና እነሱን ተከተሉ። አኩኩሉ ከጀመሩ ደግሞ የበረንዳውን በር ቆልፉ። ወጥ ቤቱንም።

ሲሄዱ የሚይዙት የቆሎ ጥቅል ነው። ንጹሕ ነጭ ወረቀት እንደ ቆሎ ነጋዴ በሾጣጣ ጠቅልሉ፣ ጫፉን አጥፉ፣ ጎኑ ላይ ተጨማሪ ቆርጣችሁ አንድ አንድ የወረቀት አበባ ለጥፉ። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ምግቡን ይነካል። 16 አዘጋጁ፣ አራቱ ላልተጠሩት ናቸው። ለትንንሾቹ በቆሎው ፋንታ ብስኩት አድርጉበት።

ደረጃ 8፦ ዕለቱ

- ጠዋት 2 ሰዓት፦ አደይና ቄጤማ ይገዛል፣ አደዩ ውኃ ውስጥ ይገባል።
- 3 ሰዓት፦ የአበባው ክር ይሰቀላል፣ ፊኛ ይነፋል።
- 4 ሰዓት፦ ኬኩ ይቀባል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል።
- 6 ሰዓት፦ ባለልደቱ ምሳ በልቶ ጋደም ይበል። ተርቦና ደክሞ የገባበት ልደት በለቅሶ ያልቃል።
- 7 ሰዓት፦ ፈንዲሻ፣ ጠረጴዛ፣ በር ላይ የጫማ ማበሻ። መስከረም ላይ ዝናቡ ጨርሶ አልወጣም፣ ጭቃ ይዘው ይመጣሉ።
- 8 ሰዓት፦ የሥዕል ጠረጴዛው ይከፈታል።
- 9 ሰዓት፦ ሁለቱ ጨዋታዎች።
- ለ10 ሩብ ጉዳይ፦ ምግብ፣ ወዲያው ኬክ። አክስት እስክትመጣ ብላችሁ አታቆዩ። ለአክስት ቁራጭ አስቀምጡላት።
- 10 ሰዓት ተኩል፦ ጭፈራ።
- 11 ሰዓት፦ ጥቅሉን ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። ልጆች ጥቅሉን ሲያዩ መሄጃቸው እንደደረሰ ይገባቸዋል፤ ወላጆች ግን ቡናው ሦስተኛ ካልደረሰ አይነሱም።

ሻማ ስትለኩሱ ከወረቀት አበባው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ባለፈው ለፎቶ እንዲያምር ብዬ ኬኩን ከክሩ ሥር አስጠጋሁት። አንዷ ልጅ ሻማውን «እፍ» ስትል ነበልባሉ ዘንበል ብሎ የታችኛውን አበባ ያዘው። ባለቤቴ በጭማቂ አጠፋው። ኬኩም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ አንድ ጆግ ውኃ ጠረጴዛው ሥር ይቀመጥ፣ ሻማ የሚያበራውም ሰው ክብሪቱን ወዲያው ኪሱ ይመልስ።

ማታ ላይ ክሮቹን አንድ በአንድ ካርቶን ላይ መልሳችሁ ጠቅልሉ። ሙጫው ዱቄት ስለሆነ በረሮና አይጥ ይስበዋል፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡት። ቅብ የነካው አበባ ካለ አውጥታችሁ ጣሉ።